ወደ ጅማ ለምትሄደው ልጄ፣ ስለዚያች ቢጫ መብራት

ፉሪ፣ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.



እንደምን ሰነበትሽ እንዳልልሽ በአንድ ግቢ ውስጥ ነን። ይህን የምጽፈው አንቺ በወዲያኛው ክፍል ልብስሽን ሻንጣ ውስጥ ስታጣጥፊ እየሰማሁ ነው። ፊት ለፊት ቁጭ ብለን ብንጫወት ገና ግማሹን ሳልናገር «አባዬ፣ ገባኝ» ትይኛለሽ፤ ልማድሽን አውቀዋለሁ። ወረቀት ግን አይቋረጥም። አንብበሽ ስትጨርሺ ከሊብሬው ጋር ይዘሻት በምትሄጂው መኪና መሳቢያ ውስጥ አኑሪው።

ስለ ቤት ኪራዩ፣ ስለ ጅማ ዝናብ፣ ስለ አዲሱ መሥሪያ ቤት ሰዎች እናትሽ የምትመክርሽን መክራሻለች፤ እኔ የምጨምርበት የለኝም። እኔ የምጽፍልሽ ዳሽቦርዱ ላይ ስላለችው፣ ኤቢኤስ ስለምንላት ቢጫ መብራት ነው። ለዚች ብሎ ይሄን ሁሉ ወረቀት ብለሽ እንዳትስቂ፤ ሁለት ያልከፈልኳቸው ዕዳዎች አሉብኝ፤ ሁለቱም ከእሷ ጋር የተያያዙ ናቸው። አንዱ ያንቺ ነው።

ካንቺ ልጀምር። ሐምሌ ላይ መብራቷ ስትበራ ስትጠፋ ታስታውሻለሽ። አንድ ቀን ትበራለች፣ ሁለት ቀን ደህና ትሆናለች። በዚያው ሳምንት አንቺ «አባዬ፣ የምትበራው እኮ ወደ ግቢያችን ስንታጠፍ ነው» አልሽኝ። እኔም «መኪና የሰው ግቢ ያውቃል እንዴ?» ብዬ ሳቅሁብሽ። ሠላሳ ዓመት በጋራዥ የቆየ ሰው ገና መንጃ ፈቃዷ ቀለሙ ያልደረቀላትን ልጅ ምን ብሎ ይስማ! ወር ሙሉ የደከምኩት፣ ገንዘብም ያባከንኩት ያቺን አንዲት ቃል ሳልሰማ ቀርቼ ነው። በአፌ አላልኩሽም፤ ይኸው በጽሑፍ ብዬዋለሁ።

ኤቢኤስ እንዴት እንደሚሠራ ካወቅሽ የቀረው ቀላል ነው። በፊት ጎማዎቻችን በኩል፣ ሰሚያሱ ጫፍ ላይ ጥርሳም የብረት ቀለበት አለ። ከቀለበቱ ፊት፣ ወረቀት የምታሳልፍ ያህል ክፍተት ብቻ ትቶ፣ ሴንሰሩ ተቀምጧል። የኛ ኮሮላ የያዘችው አሮጌውን ዓይነት ነው፤ አንድ ማግኔትና በላዩ የተጠመጠመ ፀጉር የመሰለ ሽቦ፣ ሌላ ምንም የለውም። ጥርሱ በፊቱ ባለፈ ቁጥር ሽቦው ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምት ይነሳል፤ ጎማው ሲፈጥን ምቱ ይፈጥናል። ኮምፒውተሩ የአራቱን ጎማዎች ምት ሳያቋርጥ ያወዳድራል። ፍሬን ስትይዢ አንዱ ጎማ ከጓደኞቹ ተለይቶ ቀጥ ሊል ሲል፣ እየተንሸራተተ ነውና የዚያን ጎማ ግፊት በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ለቀቅ ያዝ፣ ለቀቅ ያዝ ያደርግለታል። የሚሽከረከር ጎማ መሪ ይታዘዛል፤ የተቆለፈ ጎማ ግን መሪውን ብታዞሪው ባታዞሪው ወደጀመረው ይሄዳል። ቦሽ የሚባለው የጀርመን ኩባንያ በ1978 እ.ኤ.አ. በመርሴዲስ ላይ ካወጣው ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፤ መሠረቱ ግን ይኸው ነው።

ከአራቱ የአንዱ ምት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ በግምት መሥራት አይፈልግም። ሥራውን ትቶ መብራቷን ያበራል። ፍሬንሽ አለ፤ ዘይቱም ሸራውም እንደ ጥንቱ መኪና ይይዛል። የሌለው በእርጥብ አስፋልት ላይ በድንጋጤ ስትረግጪ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚጠብቅልሽ ነው። በቢጫዋ ላይ ቀዩ የፍሬን መብራት ከተጨመረ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የእጅ ፍሬን ተረስቶ ካልሆነ፣ ወይ የፍሬን ዘይት ጎድሏል፣ ወይ የፊትና የኋላውን ፍሬን የሚያመዛዝነው ክፍልም ሥራ አቁሟል፤ የኋላ ጎማ ቀድሞ ከተቆለፈ መኪና ትሽከረከራለች። ሁለቱን አንድ ላይ ካየሽ ዳር ይዘሽ ቁሚ፣ ዘይቱን እዪ፤ ቢመሽም አትንጂ።

ሁለተኛው ዕዳዬ የቆየ ነው። በዘጠናዎቹ ዓመታት አንድ ደንበኛ ይችው መብራት በርታበት መጣ። ክላውዶ ደርሶበታል፣ ይቸኩላል፤ «ጥፋቱን ተወው፣ መብራቱን ብቻ አጥፋልኝ» አለኝ። ዳሽቦርዱን ፈትቼ የኤቢኤሷን መብራት ከሞተር ዘይቷ መብራት ጋር አያያዝኳት። ቁልፉ ሲከፈት ሁለቱም ይበራሉ፣ ሞተሩ ሲነሳ ሁለቱም ይጠፋሉ፤ ያየ ሁሉ ደህና ናት ይላል። ሰውዬው ከሒሳቡ በላይ ጉርሻ ጨምሮልኝ ሄደ። ሰኔ ሲገባ የመኪናው አፍንጫ ተጨፍልቆ ተመለሰ። ዝናብ ላይ ከአንድ አይሱዙ ኋላ ገብቶ ነው። «ፍሬኑ ይዟል፣ መኪናው ግን አልቆመም፤ መሪውም አልሰማኝ አለ» እያለ ሊገባው ያልቻለውን ነገር ደጋግሞ ያወራልኛል። ሰው አልተጎዳም። መከላከያውንና ኮፈኑን ቀጥቅጬ አስተካከልኩለት፣ የእጅ ዋጋ አልወስድም አልኩት። እሱ ደግነት መስሎት መረቀኝ። ለምን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

ስለዚህ ነገ ሌላ መኪና ልግዛ ብትይ እኔ የሠራሁትን ዓይነት ሥራ የምትይዢበት መንገድ ይኸውልሽ። ሞተሩን ሳታስነሺ ቁልፉን ብቻ ክፈቺ። ጤነኛ የኤቢኤስ መብራት ትበራና ሦስት ሰከንድ ያህል ቆይታ ራሷ ትጠፋለች፤ የዘይቷ መብራት ግን ሞተሩ እስኪነሳ እንደበራች ትቆያለች። ሁለቱ አብረው ቆይተው አብረው ከጠፉ እንደኔ ያለ ሰው ቀድሞሻል። ጭራሽ ካልበራች ደግሞ አምፖሏ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። በ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባት ከበደ፣ በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ፤ እዚሁ ያለችው አሮጌ መኪና ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር የስንቱን መካኒክ ምስጢር ይዛ እንደምትዞር አስቢው። የኤሌክትሪክ መኪና ብትገዢም ከዚህ አታመልጪም፤ እሷም ጎማ አላት፣ ጎማዋም ሴንሰር አለው።

ወደ ሐምሌው ልመለስ። በስልክ የምታነቢያት ርካሿ የብሉቱዝ መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ የሞተሩን ኮድ እንጂ የኤቢኤሱን አታነብም። የኛን ዕድሜ ያላት ቶዮታ ግን ያለ ማሽንም ትናገራለች። ከመሪው በታች ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት አለ። ሰፊው ጎኑ ወደ ላይ ሆኖ ፊት ለፊት ስታዪው፣ ከላይኛው ረድፍ ከግራ አራተኛዋንና ከታችኛው ረድፍ ከግራ አምስተኛዋን ቀዳዳ በአጭር ሽቦ አገናኚ፤ ቁጥራቸው 4 እና 13 ነው። ከታች በቀኝ ጥግ ያለችውን 16 ቁጥር እንዳትነኪ፣ በቀጥታ ከባትሪ የሚመጣ ነው። ፊውዝ ማቃጠል ምን እንደሚመስል እኔ አይቼልሻለሁ። ከዚያ ሞተሩን ሳታስነሺ ቁልፉን ክፈቺ። ሌሎች መብራቶችም አብረው ብልጭ ቢሉ አትደንግጪ፤ አንቺ የምትቆጥሪው የኤቢኤሷን ነው። ሦስት ጊዜ ብልጭ ብላ፣ ጥቂት አርፋ፣ አንድ ጊዜ ብልጭ ካለች 31 ነው፤ የፊት ቀኝ። 32 የፊት ግራ፣ 33 የኋላ ቀኝ፣ 34 የኋላ ግራ። ጥፋት ከሌለ ሳታርፍ በአንድ ፍጥነት ብልጭ ብልጭ ስትል ትኖራለች።

እኔን 32 አለችኝ። ሰምቻታለሁ፤ የተሳሳተው ጉልበቴ ነው። ኮፈኑ ፊት ተንበርክኬ በግራ እጄ በኩል ያለውን ጎማ ፈታሁ። ግራና ቀኝ የሚባለው ግን ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደ ፊት ሲያይ ነው፤ ፊቷ ለቆመ ሰው ይገለበጣል። ሶማሌ ተራ ወርጄ፣ ተከራክሬ፣ ሴንሰር ገዝቼ መጣሁ፤ ከቀኝ በኩል ደህናውን አውጥቼ አዲሱን ከተትኩ። መብራቷም ለሁለት ቀን ጠፋች። እናትሽን «ይኸው!» ብዬ ጠርቼ አሳየኋት። በሦስተኛው ቀን በር ላይ በራች። አንድ ጋራዥ ወስጄ ባሳያት ደግሞ «ፓምፑ ነው፣ ሙሉው ይቀየራል» አሉኝ፤ ዋጋውን ስሰማ እግሬ ተሳሰረ። ያኔ ነው ወደ ቤት ተመልሼ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን ያደረግኩት።

ኮዱ ጎማውን ይጠቁማል፣ ዕቃውን ግን አይጠራልሽም። 32 ማለት «ከፊት ግራ ምት አልደረሰኝም» ማለት ብቻ ነው። ሴንሰሩ ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ ሽቦው ተቆርጦ፣ ሶኬቱ ላቫጆ ላይ ውሃ ጠጥቶ፣ ቀለበቱ ዝጎ ተሰንጥቆ፣ ወይም ኩሽኔቱ ላልቶ ቀለበቱ እየተወዛወዘበት ሊሆን ይችላል። ባትሪ ሲደክምም መብራቷ ትበራለች፤ አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ያነሰ ቁጥር ሲሆንም ኮምፒውተሩ ያ ጎማ ብቻውን የሚፈጥን ይመስለዋል። ለዚህ ነው ዓይንሽ ከቴስተሩ፣ ቴስተሩ ደግሞ ከኪስሽ መቅደም ያለበት።

ጎማ ስትፈቺ ሜዳ ቦታ ፈልጊ፣ እንደኛ ደጅ ተዳፋት ላይ አይሆንም። የእጅ ፍሬን ያዢ፣ የኋላውን ጎማ ከፊትም ከኋላም በድንጋይ አስደግፊ፣ ዳዶዎቹን ገና መሬት ላይ ሳለች አላልተሽ ከዚያ በክሪክ አንሺ። ክሪክ የሚያነሳ እንጂ የሚያቆም ዕቃ አይደለም፤ የገዛሁልሽን ባለ ሦስት እግር ብረት ሥሯ ሳታስገቢ እጅሽን አትላኪ። በዚህ ነገር ላይ ቀልድ አላውቅም፤ ክሪክ አምኖ የተጨፈለቀ ሰው አይቻለሁ።

መጀመሪያ ሽቦውን ከሴንሰሩ እስከ ሶኬቱ በጣትሽ ዳብሺው። ሴንሰሩ የተያዘባት ቡሎን በ10 ቁልፍ ትፈታለች። ዝጎ አልወጣ ካለሽ ሽቦውን ይዘሽ አትጎትቺ፣ በመዶሻም አትምቺ፤ የዝገት ዘይት ረጭተሽ ቡና አፍልተሽ ጠጪ፣ ከዚያ ግራ ቀኝ እያወዛወዝሽ አውጪው። ጫፉ ማግኔት ስለሆነ ከፍሬኑ የሚረግፈው የብረት ብናኝ ጢም ሆኖ ይበቅልበታል፤ በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው። አንዳንዴ ሕመሙ በሙሉ ይሄው ነው። ቀለበቱን ጎማውን በእጅ እያዞርሽ ጥርስ በጥርስ እዪው፤ ስንጥቅ ካለው የፀጉር መስመር ይመስላል።

ከዚያ ሶኬቱን ነቅለሽ፣ ቁልፉ ተዘግቶ፣ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርገሽ በሴንሰሩ ሁለት እግሮች ላይ አሳርፊ። እንዲህ ያለው ሴንሰር ከ1000 እስከ 2000 ኦም አካባቢ ያሳያል። ቁጥሩን አትሸምድጂው፤ ደህናውን ጎን ለክተሽ አወዳድሪ። አንዱን እግር ከመኪናዋ አካል ጋር ስትለኪ ደግሞ ምንም ማሳየት የለበትም። ቴስተሩን ወደ ተለዋዋጭ ቮልት ቀይረሽ ጎማውን በእጅሽ በሰከንድ አንድ ዙር ያህል ብታሽከረክሪው ጥቂት የቮልት ክፋይ ይነሳል፤ ፈጠን ስታደርጊው ከፍ ይላል። ይህ ግን ለአሮጌው ዓይነት ብቻ ነው። አዳዲሶቹ መኪኖች ውስጥ ያለው ሴንሰር ራሱ ኤሌክትሮኒክስ ስላለው በኦም አይለካም፣ ሊበላሽም ይችላል፤ እዚያ የሚታየው ቁልፉ ተከፍቶ ወደ ሴንሰሩ በሚመጣው ሽቦ ላይ ቮልት መኖሩ ነው። በአንዳንድ መኪና የኋላው ሴንሰር ከኩሽኔቱ ጋር አንድ ሆኖ ስለሚመጣ እሱን ብቻውን ልቀይር ብለሽ አትድከሚ።

የግራውን ስለካ 1500 ገደማ አሳየኝ። ደህና ነው! ከቀኙ ጋር እኩል ነው። ልነሳ ስል መሪውን ለመያዣ ተደገፍኩት፤ ወደ ግራ ዞረ። ቁጥሩ ጠፋ። ወደ መሃል መለስኩት፣ ቁጥሩ ተመለሰ። ያኔ ያንቺ ድምፅ ጆሮዬ ላይ አቃጨለ። ከዋናው መንገድ ወደ ግቢያችን የምንገባው መሪውን ወደ ግራ ጨርሰን አዙረን አይደል?

ሽቦው ከላይ ሲያዩት ምንም አልሆነም፤ የተቆረጠው ላስቲኩ ውስጥ ነው። ቀና ሲል ጫፎቹ ይነካካሉ፣ ሲታጠፍ ይለያያሉ። ምክንያቱን ስፈልግ አገኘሁት። አምና ኮብልስቶኑ የጨረሰውን ሾክ በቀየርንበት ጊዜ ሽቦውን ከሾኩ ጋር የምትይዘው ትንሽ ማቀፊያ አልተመለሰችም፤ ሽቦው ተንጠልጥሎ ዓመት ሙሉ መሪ በዞረ ቁጥር እዚያው አንድ ቦታ ሲታጠፍ ኖረ። ሾኩን የቀየረው ማን ነው? እኔው ነኝ። ማቀፊያዋን ጋራዥ ዕቃዬ ውስጥ፣ ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አገኘኋት።

የተቆረጠውን ቆርጬ ጣልኩና ከማይታጠፍበት ቀጥ ያለ ቦታ ላይ በቆርቆሮ በየድኩት፣ እያንዳንዱን ሽቦ ለየብቻ፣ በላዩም ሙቀት ሲነካው የሚጠብቀውን የፕላስቲክ ቱቦ አለበስኩት። ፕላስተር ብቻ ብትጠቀልይበት አንድ ክረምት አይዘልቅም። ማቀፊያዋን ቦታዋ መለስኩ፣ መሪውን ጫፍ እስከ ጫፍ አዙሬ ሽቦው እንዳይወጠር አየሁ። ኮዱን ለማጥፋት ሽቦዋን ያው 4 እና 13 ላይ ሰክቼ፣ ቁልፉን ከፍቼ፣ በአምስት ሰከንድ ውስጥ የፍሬን ፔዳሉን ከስምንት ጊዜ በላይ ረገጥኩ። ሽቦዋን ነቅዬ እስከ ለቡ ባቡር ጣቢያ ነድቼ ተመለስኩ፤ በራችን ላይ ሦስት ጊዜ ወጥቼ ገባሁ። ጎረቤት አብዷል ሳይል አይቀርም። አልበራችም፣ እስከ ዛሬም አልበራችም። ከሶማሌ ተራ የገዛሁት ሴንሰር አሁንም ደህናው ቀኝ ጎን ላይ አለ፤ የድሮውን ለመጠባበቂያ ጠቅልዬልሻለሁ።

መሳቢያው ውስጥ ትንሽ ደብተር አስቀምጫለሁ። አንዳች መብራት ስትበራ ቀኑን ብቻ አትጻፊ። ዝናብ ነበር? ታጥባ ነው የመጣችው? ወደየት ስትታጠፊ ነው? ጉድጓድ መትተሽ ነበር? ፍጥነትሽስ? መካኒክ «ይሄ አይያያዝም» ብሎ ቢስቅብሽ ደብተሩን አትዝጊ፣ ሌላ መካኒክ ፈልጊ። እኔም ብሆን።

ስለ መንገዱ ጥቂት ብቻ። እስከ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዓለምገናንና ሰበታን ጠዋት በጊዜ እለፊ። ተፍኪ አካባቢ ጭቃ ይዘው ከእርሻ የሚወጡ ትራክተሮች አስፋልቱን ያለሰልሱታል። ኤቢኤስ ሲሠራ ፔዳሉ ከእግርሽ ሥር ይንቀጠቀጣል፣ ያንኳኳልም፤ ብዙ ሰው ፈርቶ እግሩን ያነሳል። አታንሺ። ጠበቅ አድርገሽ ረግጠሽ መሪሽን ያዢ። እኛ የድሮ ሾፌሮች እየመታን የምንይዘው ኤቢኤስ ለሌላት መኪና ነው፤ አንቺም መብራቷ በርታ ከነዳሽ ብቻ እንደዚያ አድርጊ፣ ከፊትሽ ካለው መኪና ያለሽንም ርቀት እጥፍ አድርጊው። ጠጠር መንገድ ስትገቢ ደግሞ ኤቢኤስ የመቆሚያ ርቀትን ሊያስረዝም እንደሚችል እወቂ፤ መሪሽን ያተርፍልሻል እንጂ ቶሎ አያቆምሽም።

የጊቤን ቁልቁለት ከወልቂጤ በኋላ ታገኚዋለሽ። እዚያ ሴንሰርም ኮምፒውተርም አያድንሽም፤ የጋለ ፍሬን አይዝም፣ አለቀ። በምን ማርሽ ትወጪው እንደነበር አስበሽ በዚያው ማርሽ ውረጂው፣ ሞተሩ ይያዝሽ። የተቃጠለ ሸራ ከሸተተሽ ዳር ይዘሽ ቁሚ፣ ውሃ ግን አትድፊበት። ኋላሽ ያለው ከባድ መኪና ጥሩንባ ቢነፋብሽ ይንፋ።

ቴስተሩ ከወንበሩ ሥር በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ባትሪው አዲስ ነው። ወልቂጤ ስትደርሺ ቁልቁለቱን ሳትጀምሪ ቁርስሽን ብዪና ደውዪልን። እናትሽ ስልኩን ይዛ ትጠብቃለች፤ እኔም አጠገቧ ነኝ።

አባትሽ